ስልክን የፈጠረው ሰው ሚስት ስልክ አትሰማም ነበር

የካቲት 23 የዓድዋ በዓል መሆኑን ለማንም መንገር አያስፈልግም። በማግስቱ፣ የካቲት 24ስ? እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ አላውቅም ነበር። በፈረንጆቹ ማርች 3 ይውላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የመስማት ቀን ብሎ ያከብረዋል። ወሩም 3፣ ቀኑም 3 ሆኖ የተመረጠው ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቆሙ ሁለት ጆሮ ስለሚመስሉ ነው። አጋጣሚ ሆኖ የስልክ አባት የሚባለው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የተወለደውም በዚሁ ቀን ነው፤ በ1847 ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ከተማ። (የቤልን ዓመታት በፈረንጅ፣ የኛን በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እንዳትደናገሩ።)

ስለ ቤል ማንበብ የጀመርኩት ስለ ስልክ ታሪክ ጓጉቼ አይደለም። የእህቴ ልጅ አይሰማም። የምንኖረው ገርጂ መብራት ኃይል፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ እኔና እማዬ ሦስተኛ ፎቅ፣ እህቴ ከባሏና ከልጇ ጋር አንደኛ ፎቅ። በዚህ ልጅ ጉዳይ አንድ ከባድ ስህተት ሠርቻለሁ። ስህተቱን ከየት እንዳመጣሁት ወደ ኋላ እየፈለግኩ ስሄድ መጨረሻ ላይ ያገኘሁት ሰው ቤል ሆነ። ስለዚህ ይኼ የቤል ታሪክ ነው፤ መሀል መሀሉ ላይ ግን የኛ ቤት ጣልቃ ይገባል፣ ቻሉኝ።

የቤል ቤት የድምፅ ቤት ነበር። አያቱም አባቱም የንግግር አስተማሪዎች ናቸው። አባቱ ሜልቪል ቤል ሰው አንድ ድምፅ ሲያወጣ ምላሱ፣ ከንፈሩና ጉሮሮው እንዴት እንደሚቀመጡ የሚያሳይ ፊደል ፈጥሯል። ፊደሉ ማንኛውንም ቋንቋ ይጽፋል ተብሎ ስለነበር ልጆቹን ይዞ መድረክ ላይ ይወጣል። ልጁን ወደ ውጭ ያስወጣዋል፤ ከታዳሚው አንዱ የፈለገውን ድምፅ፣ ማዛጋትም ይሁን መሳም፣ ያሰማል፤ አባት ይጽፈዋል። ልጁ ይገባና ወረቀቱን አይቶ ያንኑ ድምፅ ቁጭ ያደርገዋል። ዛሬ ቢሆን ቲክቶክ ላይ ሚሊዮን ተመልካች ያገኝ ነበር።

እናቱ ኤላይዛ ግን ጆሮዋ በጣም የደከመ ሴት ነበረች። ፒያኖ ትጫወታለች፤ ሰው ሲያናግራት የመስሚያ ቱቦ ጆሮዋ ላይ ትደግናለች። ትንሹ ቤል ቱቦውን ትቶ አፉን ግንባሯ አጠገብ አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራት ነበር፤ ንዝረቱ በአጥንቷ በኩል እንዲደርሳት። እንግዳ በተሰበሰበበት ጊዜ ደግሞ አጠገቧ ተቀምጦ የሚወራውን በጣቶቹ ፊደል እየሠራ ይነግራታል። ይቺን ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ እንመለስባታለን።

ከዚያ የሳንባ ነቀርሳ ቤቱን መታው። ታናሽ ወንድሙ በ1867፣ ታላቁ በ1870 ሞቱ። የቀረው እሱ ብቻ ሆነ፣ እሱም ደካማ። ወላጆቹ አየር ይቀየርለት ብለው ባሕር ተሻግረው ካናዳ፣ ብራንትፎርድ የምትባል ከተማ ገቡ። በዓመቱ ቤል ወደ አሜሪካ፣ ወደ ቦስተን ወረደ፤ መስማት የተሳናቸው ልጆችን በአባቱ ፊደል ንግግር ለማስተማር። እስኪሞት ድረስ ሥራህ ምንድን ነው ሲባል የሚመልሰው ስልክ ፈጣሪ ነኝ ብሎ ሳይሆን መስማት የተሳናቸው አስተማሪ ነኝ ብሎ ነው።

እዚህ ጋ ሜብል ሃባርድ የምትባል ልጅ ትገባለች።

ሜብል በ1857 ስትወለድ ጆሮዋ ደህና ነበር። 5 ዓመት ሲሆናት ስካርሌት ፊቨር ያዛት፤ ጉሮሮ የሚያቃጥል፣ ቆዳን የሚያቀላ፣ በዚያ ዘመን መድኃኒት ያልነበረውና ብዙ ሕፃናት የጨረሰ የወረርሽኝ በሽታ ነው። ከሞት ተረፈች፣ መስማት ግን ፈጽሞ ቀረ። የሚያወራ ልጅ መስማት ሲያቆም የሚያውቀው ቃል ቀስ በቀስ ከአፉ ይጠፋል። በዚያ ጊዜ የነበሩት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ትንሽ ልጅ አይቀበሉም፤ እስኪያድግ ድረስ ቤት ጠብቅ ነው የሚባለው።

የሜብል አባት ጋርዲነር ሃባርድ ግን ሀብታም ጠበቃ ነበር። ለልጁ የግል አስተማሪ ቀጠረ፤ ቤተሰቡ በሙሉ እያፈራረቀ አፍ ለአፍ እንዲያወራት አደረገ። በቂ ትምህርት ቤት የለም ሲባል የማሳቹሴትስ ምክር ቤት ድረስ ሄዶ ተከራከረ፤ ትንሿን ሜብልን አባላቱ ፊት አቅርቦ ሲያናግሯት ስትመልስ አሳያቸው። በ1867 ክላርክ የሚባለው ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የመነሻ ገንዘቡን፣ 50 ሺህ ዶላር፣ የሰጠው ጆን ክላርክ የተባለ ነጋዴ ነው። ሜብልን ጀርመን ድረስ ወስደው አስተማሯት። ከንፈር ማንበብ ላይ የሚደርስባት ጠፋ።

ይኼን ያነበብኩ ቀን ስልኬን አስቀምጬ በረንዳ ላይ ወጣሁ። የኛም ልጅ ሲወለድ ይሰማ ነበር። ግንቦት 2011፣ ገና የ18 ወር ልጅ ሳለ፣ ትኩሳት ያዘው፤ ሁለት ቀን ጉንፋን ነው ተባለ፤ በሦስተኛው አንገቱ ደረቀ። ማጅራት ገትር። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝቶ ዳነ፤ ድኖ ሲመጣ ሰፈሩ በእልልታ ነው የተቀበለው። እልልታው ለሱ እንዳልደረሰው ያወቅነው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ከኋላው ሲጠሩት አይዞርም። እማዬ ድስት ክዳን አንስታ ጆሮው ሥር ስትመታ ዝም ብሎ ብስኩቱን ይበላል። አስተኝተው በሚሠሩት ምርመራ የወጣው ወረቀት በሁለቱም ጆሮ በ90 ዴሲቤል ምላሽ የለም ይላል። የድምፅ ልክ ዴሲቤል የሚባለው በቤል ስም መሆኑን ያን ጊዜ አላውቅም፤ ለክቡር ሰውየው መታሰቢያ ነው። እኛ ጋ የደረሰው በዚህ መልኩ ነው።

ሐኪሙ ስለ ኮክሌር ኢምፕላንት ያስረዳን ያን ቀን ነው። እንደ ተራው የመስሚያ መሣሪያ ድምፅ አጉልቶ ጆሮ ውስጥ የሚያስገባ አይደለም። ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠለው ክፍል ድምፁን ይቀበልና ወደ ኮድ ይቀይረዋል፤ ኮዱ በቆዳ በኩል ከውስጥ ወደ ተተከለው ክፍል ይሄዳል፤ ከዚያ ቀጭን የኤሌክትሮድ ገመድ ቀንድ አውጣ በሚመስለው የውስጥ ጆሮ ክፍል ገብቶ ነርቩን በኤሌክትሪክ ይነካዋል። ፓሪስ ውስጥ ጁርኖና ኤይሪየስ የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1957 ነርቭን በኤሌክትሪክ ነክተው ድምፅ ማሰማት እንደሚቻል አሳዩ፤ ሎስ አንጀለስ ላይ ዊልያም ሃውስ፣ ሜልበርን ላይ ግሬም ክላርክ ቀጠሉበት፤ በ1990 የአሜሪካ መንግሥት ለልጆችም ፈቀደው። ዛሬ በዓለም ከ1 ሚሊዮን በላይ ተተክሏል። ልጅ ቶሎ ከተደረገለት፣ ቢቻል ከ3 ዓመቱ በፊት፣ አንጎሉ ድምፅን ለመማር ገና ክፍት ነው። የኛው ልጅ ግን ሌላም ሰዓት ይቆጥርበት ነበር። ማጅራት ገትር የውስጥ ጆሮን ካቃጠለው በኋላ ክፍተቱ በአጥንት ሊሞላ ይችላል፤ ከሞላ ኤሌክትሮዱ የሚገባበት ቦታ አያገኝም። ፍጠኑ ነው የተባልነው።

ፈጠንን። አማቻችን መኪናውን ሸጠ፣ እማዬ የሁለት እቁብ ዕጣ ለመነች፣ እኔም ያቺኑ ያለችኝን ጨመርኩ። ሕንድ የሚገኝ ሆስፒታል ቀጠሮ ሰጠን፤ ትኬቱ ለመጋቢት 18 ቀን 2012 ተቆረጠ። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ተገኘ። መጋቢት 14 ሕንድ መደበኛ ዓለም አቀፍ በረራ ዘጋች። እዚህም አስቸኳይ ያልሆነ ቀዶ ሕክምና ይቆይ ተባለ። ሐኪሞቹን አልወቅስም፤ አልጋም ኦክስጅንም የሚያስፈልገው ሰው ነበር። ግን አንድ ነገር እስከ ዛሬ አልገባኝም፦ ትንፋሽ ያላጠረው ልጅ አስቸኳይ አይደለም የሚባለው በማን ሰዓት ነው?

ወደ ቦስተን ልመልሳችሁ። ሜብል 15 ዓመቷ ላይ፣ በ1873፣ የቤል ተማሪ ሆነች። ያው ዓመት የአሜሪካ ኢኮኖሚ የተንኮታኮተበት ነው። በመስከረም አንድ ትልቅ ባንክ ወደቀ፤ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ለ10 ቀን ተዘጋ፤ የባቡር ኩባንያዎች እየተከታተሉ ከሰሩ፤ ችግሩ ዓመታት ዘለቀ። ቤል ራሱ ድሃ አስተማሪ ነበር። ታዲያ ሌሊት ሌሊት የሚሞክረውን የሽቦና የማግኔት ሥራ ማን ከፈለለት? ሁለት አባቶች። አንዱ ሃባርድ ነው። ሌላው ቶማስ ሳንደርስ የተባለ የቆዳ ነጋዴ፤ ልጁ ጆርጅ ሲወለድ ጀምሮ አይሰማም። ቤል ጆርጅን ፊደል የተጻፈበት ጓንት አድርጎ በጣት እየነካ ያስተምረው ነበር፤ በምላሹም የሳንደርስ እናት ቤት ውስጥ ክፍል ተሰጥቶት ይኖራል። ሳንደርስ ለስልኩ ሥራ ያለውን ሁሉ ከፍሎ ሊከስር ምንም አልቀረውም ነበር። በዚያ የችግር ዘመን ስንት ድሃ ቤት ውስጥ ስንት ጆርጅና ስንት ሜብል እንደነበሩ ታሪክ አይጽፍም። እነዚህን ሁለቱን የምናውቃቸው አባቶቻቸው መክፈል ስለቻሉ ነው።

በ1874 ቤል አንድ እንግዳ ነገር ሠራ። ክላረንስ ብሌክ የሚባል የጆሮ ሐኪም ከሞተ ሰው የተወሰደ ጆሮ ሰጠው፤ እውነተኛ ጆሮ፣ ከነታምቡሩ ከነትንንሽ አጥንቶቹ። ቤል ጆሮውን እንጨት ላይ አስሮ፣ ከአጥንቱ ጫፍ አንዲት ቀጭን የሣር ዘለላ አጣብቆ፣ ከሥሩ ጥላሸት የተቀባ መስታወት አኖረ። ጆሮው ውስጥ ሲናገር ታምቡሩ ይንቀጠቀጣል፣ ሣሯም ጥላሸቱ ላይ የድምፁን ሞገድ ትስላለች። ያሰበው መስማት የተሳናቸው ልጆች የራሳቸውን ድምፅ ዓይተው እንዲያርሙ ነበር። ክረምቱን ብራንትፎርድ፣ ወላጆቹ ቤት ሆኖ ሲያየው ግን ሌላ ሐሳብ መጣለት፦ እንዲህ ያለች ስስ ቆዳ ከባድ አጥንት ማንቀሳቀስ ከቻለች፣ ስስ ብረትስ ኤሌክትሪክን በድምፅ ልክ ማወዛወዝ አትችልም? ስልክ የመጣው ከዚህ ነው። ዛሬ ቴሌግራም የምትላላኩበት ዕቃ ሥሩ መስማት ለማይችሉ ልጆች የተሠራ የሞተ ሰው ጆሮ ነው።

ቀሪው የታወቀ ስለሆነ ቶሎ ልለፈው። ማርች 7 ቀን 1876 የፈጠራ መብቱን ቁጥር 174,465 ብሎ አስመዘገበ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ረዳቱ ቶማስ ዋትሰን በሌላ ክፍል ሆኖ ድምፁን በሽቦ ሰማ። በዚያው ክረምት ፊላደልፊያ ላይ ትልቅ ኤግዚቢሽን ነበር። ቤል የተማሪዎቼን ፈተና ላርም ብሎ አልሄድም አለ። ሜብል ሻንጣውን አዘጋጅታ ባቡር ጣቢያ ድረስ አታልላ ወሰደችው፤ መከራከር ሲጀምር ፊቷን አዞረች። ፊቷን ካዞረች ከንፈሩን አታይም፣ ካላየች ደግሞ አልሰማችም። ሄደ፤ የብራዚል ንጉሠ ነገሥት ሳይቀር ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ተደነቁ።

በሐምሌ 1877 ተጋቡ። ለሠርጓ ከ10 አክሲዮን በቀር በስልክ ኩባንያው ያለውን ድርሻ በሙሉ ሰጣት። ስለዚህ በዚያ ዘመን ከትልልቆቹ የስልክ ባለድርሻዎች አንዷ የነበረችው ሴት ስልክ ላይ አንዲት ቃል ሰምታ አታውቅም።

ስልኩ እኛ ጋም ብዙ አልዘገየም። ራስ መኮንን ከኢጣሊያ ይዘውት መጥተው በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ተሞከረ፤ ቀጥሎ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር መስመር መዘርጋት ተጀመረ። ቤል በሕይወት እያለ ነው ይኼ ሁሉ። ለልጆች የተሠራው ነገር ግን ከስልኩ ጋር አብሮ አልመጣም።

አሁን ወደ ማልወደው ክፍል ገባሁ።

ቤል ገንዘብና ዝና ካገኘ በኋላ ጉልበቱን በአንድ ሐሳብ ላይ አዋለው፦ መስማት የተሳነው ልጅ መናገርና ከንፈር ማንበብ አለበት፣ የምልክት ቋንቋ ግን ያሰንፈዋል፣ ከሰሚው ዓለም ይለየዋል። ብቻውን አልነበረም። በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰቡ አስተማሪዎች ትምህርት በንግግር ብቻ ይሁን ብለው ወሰኑ፤ ከ164ቱ ተሰብሳቢዎች መስማት የተሳነው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ በብዙ አገር መስማት የተሳናቸው መምህራን ከሥራ ተባረሩ፣ እጁን ያንቀሳቀሰ ልጅ ተቀጣ። ቤል በ1883 ለአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ ያቀረበው ጽሑፍ ደግሞ መስማት የተሳናቸው እርስ በርስ እየተጋቡ የተለየ ዘር እየፈጠሩ ነው ብሎ አስጠነቀቀ። በሕግ ይከልከል አላለም፤ የሚሰባሰቡባቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች፣ የራሳቸው የምልክት ቋንቋና መስማት የተሳናቸው አስተማሪዎቻቸው ግን እንዲቀሩ ፈለገ። ኤድዋርድ ጋሎዴት የተባለ ዋሽንግተን ያለ የኮሌጅ ኃላፊ ዕድሜ ልኩን ተከራከረው። የጋሎዴትም እናት አትሰማም ነበር። ሁለት ሰዎች፣ ሁለቱም የማትሰማ እናት ያሳደገቻቸው፣ ተቃራኒ ቦታ ቆሙ።

ቤል ክፉ ሰው ነበር ማለት ይቀልል ነበር፤ አልነበረም። በ1886 የአላባማ ሰው የሆነ አባት የማታይም የማትሰማም የ6 ዓመት ልጁን ይዞ መጣ፤ ልጅቷ ሔለን ኬለር ነች። ቤል ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ የኪስ ሰዓቱን እያስነካ አጫወታት፣ ቦስተን ወዳለው ትምህርት ቤት መራቸው። ከዚያ የተላከችው አስተማሪ አን ሰሊቫን የሔለን ቤት የደረሰችው ማርች 3 ቀን 1887 ነው፤ የቤል 40ኛ ልደት። ሔለን ቋንቋ ያገኘችው መዳፏ ላይ በሚጻፍ የጣት ፊደል ነው። በኋላ የሕይወት ታሪኳን ስትጽፍ መጽሐፉን ለቤል አበረከተችለት። በእጅ በኩል ቋንቋ እንዴት እንደሚገባ በዓይኑ ያየ ሰው ነበር። የጣት ፊደል የእንግሊዝኛ ፊደል ስለሆነ ይፈቅደዋል፤ የራሱ ሰዋስው ያለው የምልክት ቋንቋ ግን ለእሱ ሌላ ነገር ነው።

እኔም ያጠፋሁት እዚህ ጋ ነው። በ2012 ክረምት፣ ሁሉ ነገር ተዘግቶ ቤት ቁጭ ባልንበት ጊዜ፣ አንዲት የፎቅ ጎረቤታችን እህቴን ጠጋ ብላ መከረቻት። ወንድሟ መካኒሳ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት የተማረ ነው። መሣሪያው እስኪመጣ ምልክት አስተምሪው፣ እናንተም ተማሩ አለቻት። እህቴ ልትሄድ ተነሳች። ያስቀረኋት እኔ ነኝ። በስልኬ ሳነብ አድሬ፣ ምልክት የለመደ ልጅ ለመናገር ይሰንፋል የሚል ጽሑፍ አግኝቼ፣ ስልኩን አፍንጫዋ ሥር አድርጌ አሳየኋት። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ከቤታችን እኔ ስለሆንኩ ታምነኛለች። ጎረቤታችንን አመስግና ቀረች። እጁን ሲያንቀሳቅስ እጁን ያዙት፣ አፋችሁን እያሳያችሁ አውሩት አልኩ። ከንፈራችን ደግሞ በማስክ ተሸፍኗል! የዚያን ዘመን ነገር ሳስበው በራሴ እስቃለሁ፣ ሳቁ ግን ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል።

ሕንድ እስክትከፈት ጠበቅን። በረራው ተከፍቶ ዶላሩ ጠፋ። ባንክ ተመዝግባችሁ ጠብቁ፣ ጥቁር ገበያው በእጥፍ። 2013 አለፈ፣ 2014 አለፈ። በ2015 መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ በተነሳው ሲቲ ስካን የቀኝ ጆሮው ሙሉ በሙሉ በአጥንት ተሞልቷል፤ የግራው እስከ ግማሽ። የግራውን መሞከር ይቻላል፣ ውጤቱ ግን ውስን ነው ተባልን። ለዚያውም ገንዘብ ስናጠራቅም ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ሒሳቡን እናንተም በስልካችሁ ሥሩት፦ መሣሪያና ቀዶ ሕክምና 20 ሺህ ዶላር ነው እንበል። በ57 ብር ምንዛሪ 1 ሚሊዮን 140 ሺህ ብር ነው። በ125 ብር ሲሆን 2 ሚሊዮን ተኩል። የእህቴ ደመወዝ በዚያ መሀል ምን ያህል እንደጨመረ አትጠይቁኝ።

ደግሞ ተተክሎ አያልቅም። ከተተከለ በኋላ ማስተካከያ አለ፣ የንግግር ልምምድ አለ፣ ባትሪ፣ ገመድ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የውጪውን ክፍል መቀየር አለ፤ ሁሉም ከውጭ የሚገባ ነው። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ያገኘኋት እናት ልጇ ተተክሎለት ገመዱ ተበጥሶ አራት ወር እንደገና ዝም እንዳለበት ነግራኛለች። ሰምቶ አውቆ፣ ተመልሶ ዝም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ሪፖርት ሕክምናና ድጋፍ የሚያስፈልገው የመስማት ችግር ያለባቸው ሰዎች ከ430 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ ከነሱ 34 ሚሊዮኑ ልጆች። ከልጆቹ መካከል 60 በመቶ ያህሉ ችግሩ መከላከል በሚቻል ምክንያት የመጣ ነው ይላል፤ እንደ ማጅራት ገትር ያሉት ማለት ነው።

ቤልም ገንዘብ የማይገዛው ነገር ገጥሞታል። በ1881 ወንድ ልጁ ኤድዋርድ ያለ ጊዜው ተወልዶ መተንፈስ አቅቶት በሰዓታት ውስጥ ሞተ። ቤል ያን ሰሞን በጥይት የተመቱትን የፕሬዚዳንት ጋርፊልድን ጥይት በኤሌክትሪክ ለመፈለግ ይሯሯጥ ነበር። በኋላ ተቀምጦ ደረትን እየሳበ የሚያስተነፍስ ጃኬት ነደፈ፤ ለሌላው ልጅ ካልሆነ ለኤድዋርድ አይደርስም። በ1883 ሌላው ወንድ ልጁ ሮበርትም እንዲሁ ሞተ። ሁለት ሴት ልጆች ናቸው ያደጉለት።

ስኳር በሽታ ነበረበት። ነሐሴ መግቢያ 1922 ካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ በሚገኘው ቤቱ ሞት አልጋው ላይ መጣ። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው በዚያው ዓመት ጥር፣ በዚያው በካናዳ፣ ቶሮንቶ ላይ ነው። ገና በጣም ጥቂት ነበር የሚመረተው። መድኃኒቱ አለ፣ ለሱ ግን አልደረሰም። ይኼን ሳነብ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩለት።

መጨረሻውን የጻፉለት ሰዎች እንደሚተርኩት ሜብል አልጋው አጠገብ ተቀምጣ እንዳይሄድባት ለመነችው። ጉልበት አልነበረውም፤ በእጇ ውስጥ ያለችውን እጁን አንቀሳቅሶ በጣቶቹ እንቢ፣ አልሄድም የሚል ምልክት ሠራላት። ነሐሴ 2 ሞተ። ሲቀበር በሰሜን አሜሪካ ያለ ስልክ ሁሉ ለአንድ ደቂቃ ዝም አለ። ሜብል ከአምስት ወር በኋላ ተከተለችው።

በ2015 መስከረም፣ ሲቲ ስካኑን ካየን በኋላ፣ ያቺኑ ጎረቤታችንን ደጇ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ቡና አፈላችልኝ እንጂ ምንም አላለችኝም። ልጁ ምልክት የጀመረው ያን ጊዜ ነው፣ አምስተኛ ዓመቱን ሊይዝ ሁለት ወር ሲቀረው። በአንድ ወር ውስጥ ስንት ቃል እንዳወጣ! ውሃ፣ ድመት፣ ተወው፣ የኔ ነው፣ አባዬ የት ሄደ። ለሦስት ዓመት ሆዱ ውስጥ ተጠራቅሞ የነበረ ጥያቄ ነው የወጣው። እኛ ነን የዘገየነው፤ እኔ እስከ ዛሬ ጣቶቼ እንጨት ናቸው። ለግራው ጆሮ የምናጠራቅመው ገንዘብ አሁንም አለ፤ እህቴ አላቆመችም፣ እንድታቆምም አልነግራትም። ምክር ከኔ በቃት።

ባለፈው ሐሙስ ማታ ከመገናኛ ስመለስ ኢምፔሪያል ጋ መንገዱ ተዘግቶ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። ስልኬ ጠራ፣ ቪዲዮ ነው። ልጁ ከእናቱ ስልክ ነጥቆ ከአንደኛ ፎቅ በረንዳ ይደውላል። ስልኩን አጥሩ ላይ አስደግፎ ሁለት እጁን ነጻ አደረገና መቼ ነው የምትመጣው፣ ዳቦ ይዘህ ና አለኝ በምልክት። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ያያሉ። በአንድ እጄ ስልኩን ይዤ በሌላው መንገዱ ተዘግቷል ለማለት ሞከርኩ፤ ተሳሳትኩ መሰለኝ፣ ልጁ ከት ብሎ ሳቀብኝና ቀስ ብሎ፣ እንደ አስተማሪ፣ ትክክለኛውን አሳየኝ።